አበባ የተሳለበት እግር ይዤ ሐኪም ዘንድ

ሰው ገጠመኙን ሲያወራ ብዙ ጊዜ ከትውልድ መንደሩ ይጀምራል። እኔ ከእግሬ ነው የምጀምረው። አትፍረዱብኝ፣ ጉዳዩ ያለው እዚያ ነው።

ያኔ ናይሮቢ፣ ዌስትላንድስ ውስጥ አነስ ያለች የሐበሻ ምግብ ቤት ነበረችኝ። ፈረንጆቹ ሁለት ሺህ ከገቡ ጥቂት ዓመት አልፏል። ሰው ሁሉ የሞባይል ካርድ እየፋቀ መንገድ ላይ የሚጮህበት ሰሞን ነው። ስሜ ተዋበች ይባላል፣ ኬንያውያኑ ግን በልጄ ስም «ማማ ሩት» ይሉኛል። ባሌ ጌታነህ ኢምባካሲ፣ ኤርፖርቱ ጋ፣ የነጋዴ ዕቃ ከካርጎ ያስወጣል። ቤታችን ሳውዝ ሲ ነው። እኔ ከጠዋት እስከ ማታ በወጥ ቤቱና በአዳራሹ መሀል ቆሜ ነው የምውለው። ምላሷ ስለታም ነው እያሉ ያሙኛል፣ ደንበኛ ግን አልቀነሰብኝም።

በግራ ውስጥ እግሬ፣ ጎድጎድ ያለው ቦታ ላይ፣ ከልጅነቴ ጀምሮ ምስር የምታህል ጥቁር ነጥብ ነበረችኝ። እናቴ «ማርያም ስማሽ ነው» ትለኝ ነበር። እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ስገረም ኖሬያለሁ። ሌላው ሰው ጉንጩን ይሳማል፣ ግንባሩን ይሳማል፣ እኔን ውስጥ እግሬን የምትስመኝ ምን ታይቷት ነው? ወይ ስታቅፈኝ ተዘቅዝቄ ነበር፣ ወይ ቸኩላለች።

በዚያ ዓመት ምስሯ ባቄላ አከለች። ጠርዟ ውሃ እንደነካው ቀለም ተዘረጋጋ፣ ግማሿ ቡናማ ግማሿ ጥቁር ሆነ። እኔ አላየኋትም። እውነቱን ልንገራችሁ፣ ምግብ ቤት ያላት ሴት ውስጥ እግሯን የምታየው ሲገንዟት ነው። ያየችው ሩት ናት። አንድ እሑድ እግሬን ዱካ ላይ ሰቅዬ ቴሌቪዥን ሳይ መጥታ ፊቴ ተደቀነች። ሩት ያኔ ዩኒቨርሲቲ የጤና ተማሪ ናት። ናይሮቢ ተወልዳ ስላደገች አማርኛዋ መሀሉ እንግሊዝኛ ሳይገባበት መንገድ አይሻገርም።

«ማሚ፣ ዋት ኢዝ ዛት?»

«ማርያም ስማኝ ነው።»

«ላስት ዪር እንደዚህ አልነበረም!»

«ደጋግማ ስማኝ ይሆናላ!»

አልሳቀችም። በማግስቱ እጄን ይዛ ወደ አንድ ሆስፒታል፣ የቆዳ ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ሐኪሟ ዶክተር አኪኒ ትባላለች። ፀጉሯ የሸበተ፣ መነጽሯን አፍንጫዋ ጫፍ ላይ አድርጋ ከላይ የምታይ ኬንያዊት ናት። እግሬን አገላብጣ አየችና «ትንሽ ቁራጭ ወስደን እንመርምረው» አለችኝ።

እኔ ካልሲዬን ማጥለቅ ጀመርኩ።

ለምን እንደሆነ ላስረዳችሁ። ደሴ አንዲት አክስት ነበረችኝ። ጡቷ ላይ ዕጢ ወጣባት፣ ሐኪም ቤት ተቆረጠላት፣ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። ለቅሶው ላይ ቤተ ዘመዱ ሁሉ «ብረት ነክቷት ነው እንጂ ምን ሆና ነበር» አለ። ከዚያ ወዲህ እኛ ቤት ይህ ነገር ከጸሎተ ሃይማኖት ቀጥሎ ያለ ነው። ዕጢ ብረት ከነካው ያብዳል፣ ይዛመታል፣ ይገድላል። አለቀ።

ለዶክተሯ ነገርኳት። መነጽሯን አወለቀች።

«ማን ነው እንዲህ ያለው?»

«ሁሉም ሰው።»

«ሁሉም ሰው የት ነው የተማረው?»

«ለቅሶ ቤት» አልኳት። ምን ልበል?

ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ መነጽሯን መልሳ አደረገች። ከዚያ ከውጭ አገር የመጡ ተመራማሪዎች በብርሃን ብቻ ቆዳን የሚያይ መሣሪያ ይዘው ሆስፒታሉ ውስጥ እንዳሉ ነገረችኝ። አይቆርጥም፣ አይወጋም፣ አያደማም። የመጡትም መሣሪያው ነጭ ሰው ብቻ ሲያይ ስለኖረ እኛ ላይ ይሠራ እንደሆነ ሊሞክሩ ነው። «ያንቺ ውስጥ እግር ላይ ስለሆነ፣ እዚያ ደግሞ ቆዳ ገርጣ ስለሚል፣ ደህና አድርጎ ያያል። ሐሙስ ነይ። ቅዳሜ ጠዋት ጠቅልለው ይሄዳሉ» አለች። ቀጥላም ጣቷን ቀሰረችብኝ። «ግን ስሚኝ ማማ ሩት። መሣሪያው ይነግረናል እንጂ አያወጣልሽም።»

እኔ የሰማሁት «አይቆርጥም» የሚለውን ብቻ ነው። እንኳን እኔ ንጉሥም ቢሆን የሚሰማው የሚፈልገውን ነው።

አሁን ወደ ጉዱ ልግባ። ረቡዕ ከሰዓት ሐበሻ የሚበዛበት ሰፈር፣ ኢስሊ፣ ወረድኩ። እዚያ ፋጡማ አለች። ፋጡማ የሞያሌ ልጅ ናት፣ ልብስ ትነግዳለች፣ ወደ ኬንያ ስንመጣ በአንድ አውቶቡስ ነው የተሻገርነው። እኔ እጾማለሁ፣ እሷ ትጾማለች፣ ሁለታችንም በየጾማችን ሌላዋን እናማለን። ከእሷ የቀረበ ጓደኛ በምድር ላይ የለኝም። እግሬን ስታይ ጮኸች። ቀኑን ሙሉ ሲሚንቶ ላይ የሚቆም እግር ምን እንደሚመስል ታውቁታላችሁ፣ ተረከዜ የበጋ እርሻ ሆኗል።

«በዚህ እግር ነው ነገ ፈረንጅ ፊት የምትቀርቢው? አገራችንን ልታሰድቢ?»

«እግሬን ሊያዩ እንጂ ሊያጩኝ አይደለም።»

«ቁጭ በይ! ሂና እቀባሻለሁ። ለስንጥቁም መድኃኒት ነው።»

ቁጭ አልኩ። በእኛ ወግ ሰው ፊት የሚታይ ገላ ተሰናድቶ ነው የሚቀርበው። ሐኪም ቤት ከመሄዱ በፊት ገላውን ታጥቦ፣ አዲስ ካናቴራ ገዝቶ የማይለብስ ሐበሻ ካለ ይንገረኝ። ፋጡማ ያመጣችው ደግሞ ቀዩን አይደለም። የፀጉር ማቅለሚያ የተቀላቀለበትን፣ እዚህ ፒኮ የሚሉትን ድቅድቅ ጥቁር ነው። ተረከዜን አጠቆረችው፣ ጣቶቼን አጠቆረቻቸው። ነጥቧ ጋ ስትደርስ «እሷን እንዳትነኪ፣ የሚያዩት እሷን ነው» አልኳት።

«ሞኝ መሰልኩሽ?» አለችና እሷን መሀል አድርጋ ዙሪያዋን በቀጭኑ አበባ ሳለችባት። «ይኸው፣ ሐኪሟ ፍለጋ እንዳትደክም ምልክት አደረግኩላት።»

ተያየንና ተደሰትን። ሁለታችንም ያኔ አርባዎቹን ያጋመስን፣ ሱቅና ምግብ ቤት የምናስተዳድር ሴቶች መሆናችንን አትርሱ።

ቀለሙ እስኪደርቅ እግሬን ይዛ ስታራግብ «እና ብረት አይነካሽም?» አለችኝ።

«አይነካኝም። በብርሃን ነው።»

«ቢነካሽስ? ትሞቻለሽ?»

«ኧረ አፍሽን በመዳፍሽ! ምን አስጨነቀሽ አንቺን?»

«ዝም ብዬ ነው» አለችና ማራገቧን ቀጠለች።

ሐሙስ በእግሬ እየተኩራራሁ ከሩት ጋር ሄድኩ። መሣሪያውን ትልቅ ዋሻ ነገር አድርጌ ነበር የጠበቅሁት። ሳየው የፀጉር ማድረቂያ የመሰለ ነገር በገመድ ከኮምፒውተር ጋር ታስሯል። በቃ። አጠገቡ ቀጭን፣ ፀሐይ የላጠው ወጣት ፈረንጅ ቆሟል። እኔ አልጋው ላይ ወጥቼ ካልሲዬን አወለቅሁና እግሬን ዘረጋሁላቸው።

ዶክተሯ መነጽሯን ከአፍንጫዋ ጫፍ ገፋ አደረገች።

«ማማ ሩት» አለች ዶክተር አኪኒ ቀስ ብላ፣ «ይህ ምንድን ነው?»

«አበባ።»

«አበባ መሆኑን አያለሁ!»

ፈረንጁ ጎንበስ ብሎ «ቢዩቲፉል!» አለ። ዶክተሯ ገላመጠችው። ሩት ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። እኔ አሁንም አልገባኝም። ለምልክት ነው ብዬ ላስረዳ ስጀምር ዶክተሯ እጇን አንስታ አስቆመችኝ።

ያም ሆኖ ሞከሩት። ቀዝቃዛ ቅባት ቀብተው የመሣሪያውን አፍ ውስጥ እግሬ ላይ ደገኑ። ብልጭ፣ ብልጭ፣ ብልጭ አለ። ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ቀይ፣ ከዚያ ምንም የማይታይ ብርሃን። ዶክተሯ እንዳስረዳችኝ ሰማያዊው ከላይ ብቻ አይቶ ይመለሳል፣ ቀዩ ጠለቅ ይላል፣ የማይታየው ከሁሉ ይጠልቃል። ኮምፒውተሩ ሁሉንም ይደራርብና ጥቁሩ ነገር ምን ያህል እንደወረደ ይገምታል። ሸንኮራ አገዳ ሳይልጡ ውስጡን እንደማየት ነው። ኮምፒውተሩ አስቦ አስቦ እግሬን በሙሉ በቀይ ቀለም ከበበው።

«ምን አለ?» አልኩ።

ሦስቱም ኮምፒውተሩ ላይ ተደፉ።

«ሩት! ምን አለ?»

«ማሚ... ሙሉ እግርሽ ካንሰር ነው አለ።»

በስመ አብ! ጆሮዬ ጭው አለ። ቅዱስ ገብርኤልን ወዲያው ጠራሁትና ጃንጥላ ተሳልኩለት። ዝም ሲለኝ ባለ ወርቅ ዘርፍ አደረግኩለት። እሱም ምንጣፍ እስክጨምርለት ሳይጠብቅ ዶክተሯ ትከሻዬን ያዘችኝ።

«ተረጋጊ። መሣሪያው የሚያውቀው ጥቁርን ነው። የጓደኛሽን ሥዕል ካንቺ ነጥብ ጋር አንድ ላይ ቆጥሮታል።» ከዚያ ወንበሯን ስባ አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ተለወጠ። «ግን ቀለሙ ያልነካውን ጥቂት ቦታ አይቻለሁ፣ ያየሁትም ደስ አላለኝም። ወይ ዛሬ ልቁረጥልሽ፣ ወይ ይህን አበባ እስከ ቅዳሜ ጠዋት አስለቅቀሽ ነይ። ሦስተኛ ምርጫ የለሽም።»

ፒኮ ሳምንታት ይቆያል። ይህን የማያውቅ ሴት የለም። እኔ ግን ብረቱን ከማየት እግሬን ቆርጬ ብጥለው እመርጣለሁና «አስለቅቃለሁ!» አልኩ። ዶክተሯ ተነፈሰች። ሕክምና ቤት የሚጠቀሙበትን የሚጣበቅ ፕላስተር በጥቅል ሰጠችን። እየለጠፉ በመንጨቅ የላይኛው የሞተ ቆዳ ከነቀለሙ ይነሳል። ነጥቧን ግን እንዳትነኩ፣ ከደማች ሁሉም ይበላሻል ብላ አስጠነቀቀችን።

ሳውዝ ሲ ያለው ቤታችን ከዚያ በኋላ የቆዳ ፋብሪካ ሆነ። ጌታነህ ሥራውን ትቶ መጣ። እግሬን የሞቀ ውሃ ውስጥ ይዘፈዝፋል፣ ሎሚ ይጨምቃል፣ ቤኪንግ ፓውደር ይነሰንሳል፣ ከዚያ ሩት ትለጥፋለች፣ እሱ ይነጭቃል። እኔ እጮሃለሁ።

«ቀስ በል አንተ! ሥጋ ነው!»

«ስንጋባ ሚዜዎቼ እግሯን ታጥባለህ ብለው አልነገሩኝም» ይላል እየነጨቀ። «አበባው ግን ያምራል። ለእኔ አንድ ቀን እንዲህ ተሰናድተሽ አታውቂም።»

ጎረቤታችን ጩኸቱን ሰምታ በሩን አንኳኳች። ባለቤቴ እየደበደበኝ መስሏታል። ገብታ እግሬን፣ ሳፋውን፣ ሎሚውንና ግራ የተጋባ ባሌን ስታይ «ፖሌ ሳና» ብላ፣ ማለትም አዝንልሻለሁ ብላ፣ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጌታነህን በጎሪጥ ነው የምታየው።

ዓርብ ከሰዓት ሁላችንም ደክመናል። ጌታነህ ፕላስተር ሊገዛ ወጥቷል። ሩት እግሬን ጭኗ ላይ አድርጋ ስትለጥፍ ስትነጭቅ አንድ ነገር ሞቅ ብሎ ጠብ ሲል ተሰማኝ። ደም መስሎኝ ቀና ስል እንባዋ ነው።

«አንቺ፣ ምን ሆንሽ?»

«ማሚ፣ እኔ ክላስ ውስጥ ፎቶውን አይቼዋለሁ። የሰዎቹን እግር አይቼዋለሁ። አንቺ ደግሞ ትቀልጃለሽ። ፕሊስ፣ አትሙቺብኝ።»

እስከዚያች ደቂቃ ድረስ የፈራሁት ብረቱን ነበር። ነጥቧን ፈርቻት አላውቅም። ልጄ ይህን ስትለኝ ፈራሁ፣ ቀልድም ጠፋኝ። አቅፌያት አለቀስኩ። ጌታነህ ፕላስተሩን ይዞ ሲገባ ሁለታችንን አይቶ ምንም ሳይጠይቅ ተቀምጦ አብሮን አለቀሰ። ምክንያቱን የጠየቀን ካበቃን በኋላ ነው።

ቅዳሜ በጠዋት ስንነቃ ተረከዜ አሁንም ጥላሸት ነው፣ ጎድጓዳው ቦታ ግን ቆዳው ስስ ስለሆነ አበባው ገርጥቶ ገርጥቶ ጥላ ብቻ ቀርቷል። ነጥቧም አልደማችም። በጌታነህ መኪና ወጣን። ሞምባሳ መንገድ ላይ አንድ ከባድ መኪና ተበላሽቶ መንገዱ ተዘግቷል። ሰው ከመኪናው ወርዶ ኦቾሎኒ ይገዛል። እኔ ሐሙስ ለገብርኤል ያስቀረሁበትን ምንጣፍ ተሳልኩለት።

ስንደርስ ክፍሉ ባዶ ነው። ቀጭኑ ፈረንጅ ኮሪደሩ ላይ ትልቅ የእንጨት ሣጥን አጠገብ ቆሟል። ሣጥኑ በብረት ቀበቶ ታስሯል፣ ተቸንክሯል፣ ማኅተም ተደርጎበታል። ዶክተር አኪኒ ተናዳ ታወራዋለች፣ እሱ ደግሞ ከልቡ አዝኖ «አውሮፕላኑ ዛሬ ነው፣ ሣጥኑ ከተከፈተ እንደገና ማን ያሽገዋል? ኤርፖርትስ ማን ያሳልፈዋል?» እያለ ይለምናታል።

ጌታነህ ሣጥኑን ዞሮ ዞሮ አየው። እንዲህ ያለ ፊቱን የማውቀው በግ ሲገዛ ነው።

«ይሄን ነው ታሽጓል የምትለው?» አለው።

ወደ መኪናው ሄዶ ጉጠትና ምሳር ይዞ ተመለሰ። «እኔ ዕድሜዬን የበላሁት ሣጥን በመክፈትና በማሸግ ነው። ከፍቼ፣ መልሼ እንደነበረው አሽጌ፣ በራሴ መኪና ኢምባካሲ አድርሼ፣ ራሴው አሳልፌልህ እመጣለሁ። አውሮፕላን ካመለጠህ እኔ ቤት ትከርማለህ፣ ሚስቴ ምግብ ቤት አላት» አለው። ፈረንጁ ዶክተሯን አየ፣ ዶክተሯ ጣሪያውን አየች። ቀበቶው ጧ ብሎ ሲበጠስ ሰማሁ። ያን ቀን ባሌን እንደ አዲስ ነው የወደድኩት።

እንደገና አልጋ፣ እንደገና ቅባት፣ እንደገና ብልጭታ። አሁን ግን ዶክተሯ ኮምፒውተሩን ወደኔ አዞረችው። ጥቁሩ ነገር በየደረጃው ይታያል። ከላይ ሰፊ ነው፣ በአንድ ወገን ጥፍር የመሰለ ነገር ወደ ደህናው ቆዳ አውጥቷል። ጠለቅ ባለው ሥዕል ላይ ሳስቶ ሳስቶ ይጠፋል።

«ካንሰር ነው?» አልኳት።

«እስከማየው ድረስ ገና ነው። ለመሆን ግን ተነስቷል። ወደ ጎን እየሄደ ነው፣ ወደ ታች አልወረደም። ወደ ታች ከወረደ በኋላ ግን የምንነጋገረው ስለሌላ ነገር ነው።»

ሥዕሉን ትኩር ብዬ አየሁት። አንድ ነገር ከነከነኝ።

«ዶክተር፣ ይሄን እኮ ብረት አልነካውም።»

«አልነካውም።»

«ታዲያ ማን አሳበደው?»

«ማንም። ራሱ ነው። እንዲህ ነው ሥራው።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ጠየቀችኝ። «አክስትሽ ከመቆረጧ በፊት ለምን ያህል ጊዜ ደብቃው ነበር?»

ይህን ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። ለቅሶ ቤትም አልተጠየቀም። አክስቴ በነጠላ ሸፍና፣ ሽቶ እየተቀባች፣ ሽታው ከሽቶው እስኪበልጥ ድረስ ደብቃው እንደኖረች ቤታችን ሁሉ ያውቃል። ሐኪም ቤት በሸክም ነበር የሄደችው። ብረቱ የደረሰው ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ነው፣ እኛም ጥፋቱን በመጨረሻ በመጣው ላይ አላከክን። ያለ ኃጢአቷ ስትወቀስ የኖረች ቢላዋ!

«ይቁረጡልኝ» አልኩ።

«ጥሩ፣ ሰኞ...»

«ሰኞ ሌላ ሴት ልሆን እችላለሁ። ዛሬ ያለሁትን ይቁረጡልኝ።»

ዶክተሯ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። አነስተኛ ቀዶ ሕክምና የሚሠራበት ክፍል አስከፈተች። ማደንዘዣው ሲወጋኝ የጮህኩትን ነርሷ ዛሬም አትረሳውም። ብረቱ ሲነካኝ ግን ምንም አልተሰማኝም። ጌታነህ ሣጥኑን መልሶ አሽጎ ከፈረንጁ ጋር ወደ ኤርፖርት በረረ፣ እቃውንም እንዳለው አሳለፈለት። የተቆረጠው ላቦራቶሪ ሄደ። ውጤቱ ሲመጣ የዶክተሯ ግምት ልክ ነበር። ካንሰር ለመሆን የተነሳ፣ ገና ያልሆነ፣ ዙሪያው ንጹሕ ሆኖ ሙሉ በሙሉ የወጣ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ምክር እንደማልወድ እወቁልኝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» የሚለውን ተረት እኔም ከናንተ እኩል ሳወራው ኖሬያለሁ፣ ነጠላ የሸፈነውን እያወቅሁ። ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ የተለወጠብኝ አንድ ነገር ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጬ «ብረት ነክቶት ነው» የሚል ሰው ስሰማ ንፍሮዬን አስቀምጬ «መቼ ነው የሄደው?» ብዬ እጠይቃለሁ። በዚህ ጥያቄ ብዙ ለቅሶ ቤት ተጠልቻለሁ። ግድ የለኝም።

የፋጡማን ነገር ሳልነግራችሁ ግን ብዕሬን አላስቀምጥም። አትደንግጡ፣ በሕይወት አለች።

ተኝቼ ሳለሁ መጥታ አልጠየቀችኝም። ኢስሊ ያለ ሐበሻ ሁሉ ብርቱካን ይዞ ሲመጣ እሷ የለችም። ስልክ ትደውልና «አለሽ?» ትላለች፣ «አለሁ» ስላት ትዘጋዋለች። እኔ ተቀይሜ ዝግጁ ሆኜ ጠበቅኋት። የላቦራቶሪው ውጤት መጣ፣ ስፌቱም ወጣ። በማግስቱ መጣች፣ በሩን ከውስጥ ዘጋች፣ ልሳደብ አፌን ስከፍት ሻሿንና የቀሚሷን አንገት ዝቅ አደረገች። ልጅ ሆና የፈላ ወተት ያቃጠላትን የትከሻዋን ጠባሳ አውቀዋለሁ። ጠባሳው መሀል ላይ ግን አንድ የማላውቀው ቁስል ነበር፣ አፉ የተከፈተ።

«መቼ ወጣብሽ?»

«ካንቺ ይቀድማል። ይደርቃል ብዬ ጠበቅኩት።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«ብረት ነክቶሽ ከሞትሽ እተወዋለሁ፣ ከዳንሽ እሄዳለሁ ብዬ ነበር።»

«አንቺ ከሐዲ! እኔን መሞከሪያ አደረግሽኝ?»

«ታዲያ ማንን ላድርግ?» አለችኝ እንባዋ እየወረደ። «ካንቺ ሌላ ማን አለኝ?»

በነጋታው ዶክተር አኪኒ ዘንድ ወሰድኳት። የእሷ ካንሰር ሆኖ ነው የተገኘው። ከትከሻዋ ሰፊ ቦታ ቆርጠው ከጭኗ ቆዳ አምጥተው ሸፈኑት፣ ያ ክንዷ ዛሬም ከጆሮዋ በላይ አይነሳም። ትንሽ ብትቆይ ክንዷ ሙሉ በሙሉ ነበር የሚሄደው። ይህ ሁሉ ግን በኋላ የመጣ ነው። የቀዶ ሕክምናዋ ቀን ጠዋት በሩ ጋ ስንደርስ ፋጡማ ግድግዳውን ይዛ ቆመች።

«ያ የብርሃኑ ማሽን የለም?»

«ሄዷል። ጌታነህ ነው ያሳፈረው።»

«እንግዲያው እኔም ልሂድ» አለችና ተመለሰች።

ኮሪደሩ ሰው ሞልቶታል። አማኝ ሴት ሆኜ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ ጫማዬን አወለቅሁ፣ ካልሲዬን ጣልኩ፣ ውስጥ እግሬን ወደ ፊቷ አነሳሁት። ቀሚሴ የት እንደደረሰ አትጠይቁኝ።

«ፋጡማ! ብረት የነካው እዚህ ነው። እይው!»

ቆመች። ተመልሳ መጥታ አጠገቤ ቁጢጥ አለች። ጣቷን አውጥታ የተሰፋውን ቦታ ቀስ ብላ ዳሰሰችው፣ ከዚያ ጫን አደረገችው።

«ያምሻል?»

«አያመኝም፣ ይኮረኩረኛል። ተይኝ!»

እግሬን መልሳ መሬት ላይ አስቀመጠችልኝ። ከዚያ ተነሳች፣ ሻሿን አስተካከለች፣ በሩን ራሷ ከፍታ ገባች። እኔ ጫማዬን ፍለጋ መሬት ላይ ቀረሁ።